በ1 ነጥብ ተሸነፍን፤ የሰኞውን ልምምድ ከምን ልጀምር?

የቱሉ ዲምቱ ኮች፦
የቅርጫት ኳስ ቡድኔ እዚሁ ኮንዶሚኒየሙ ሜዳ ላይ የሚለማመዱ ከ18 ዓመት በታች ወንዶች ናቸው። ቅዳሜ 61 ለ 60 ተሸነፍን። 38 ሰከንድ ሲቀር 60 ለ 59 እየመራን ነበር፤ ኳሱ ግን የእነሱ። ከማዕዘን ወርውረው ሳቱ፣ ሪባውንዱን (ስቶ የተመለሰውን ኳስ) ራሳቸው ወስደው 19 ሰከንድ ሲቀር አገቡ። ታይም አውት ጠርተን ከራሳችን ቅርጫት ስር ጀመርን፤ ፕሬስ አደረጉን፤ ገና ከእኛው ሜዳ ጀምረው ተጭነው ያዙን። መሀል ሜዳን ስናልፍ 7 ሰከንድ ሄዷል። መጨረሻ ላይ ከሩቅ ባለ 3 ተሞክሮ ሳተ። ፍሪ ስሮው (ከፋውል በኋላ ያለ ተከላካይ የሚወረወረው) ከ17ቱ 8 ብቻ ነው የገባው። ልጆቹ ያንን የሳተውን ልጅ ይወቅሳሉ። ልምምዳችን በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ፊሽካ፦
ልጁን ተዉት። በፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ በ4ኛው ኳርተር የመጨረሻ 2 ደቂቃ ውስጥ ገብቶባችሁ ታይም አውት ከጠራችሁ፣ ከራስ ቅርጫት ስር መጀመር ግዴታ አይደለም። አሰልጣኙ «ከፊት» ካለ፣ ከዳኞች ጠረጴዛ ማዶ ባለው ጎን፣ በተጋጣሚ ሜዳ በኩል ካለችው አጭር መስመር ይጀመራል። ፕሬሳቸው እዚያው ከሸፈ ማለት ነው። በምትኩ የሹት ሰዓቱ፣ ማለትም ለመወርወር የሚሰጠው ጊዜ፣ 24 ሰከንድ መሆኑ ቀርቶ 14 ይሆናል፤ ስለዚህ የጨዋታው ሰዓት ከ19 ወርዶ 5 ሰከንድ ላይ ሳይደርስ መወርወር አለባችሁ። ብዙ አሰልጣኝ ይህን እንደ ጉዳት ያየዋል። እኔ ግን ጥቅም ነው እላለሁ፤ ቢስት እንኳ ለሪባውንድ ጊዜ ይተርፋል። በ1 ነጥብ ለተበለጠ ቡድን ደግሞ ባለ 3 ምን ያደርግለታል?

ሌላም አለ። በሁለተኛው አጋማሽ 3 ታይም አውት አላችሁ፤ በመጨረሻው 2 ደቂቃ ግን 2 ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሦስቱንም ቆጥባችሁ ከደረሳችሁ አንዱ ተቃጠለ።

ቦክስ አውት፦
ፊሽካ ያለው ልክ ነው፤ ጨዋታው ያመለጠው ግን ከዚያ በፊት፣ ሪባውንዱ ላይ ነው። ከማዕዘን የተወረወረ ኳስ ሲስት ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በተቃራኒው በኩል ነው። እዚያ የቆመው ተከላካይ አንጋጦ ኳሱን ሲያይ ሰውየው በጀርባው ገብቶበታል። ኳስ ከእጅ ሲወጣ ዓይን ወደ ሰው፤ በክንድ ንካው፣ ዙርና በዳሌህ ዝጋው፣ ጉልበት እጠፍ፣ ከዚያ ወደ ኳሱ። እጅህን ወደ ኋላ ልከህ ከያዝከው ፋውል ነው። መከላከሉ ዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ መያዝ) ከሆነማ ይብሳል፤ «የኔ ሰው» የሚባል ስለሌለ ሁሉም ሌላው ይዘጋዋል ብሎ ይቆማል።

3 ለ 3 አሰልፍና ከማዕዘን ሆን ብለህ ሳት። ተከላካዮቹ ሰዋቸውን ዘግተው ኳሱ መሬት ላይ 2 ጊዜ ከነጠረ ተሳካላቸው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

ፍሪ ስሮውን ሳይደክሙ 50 ማስወርወር ብዙም አይጠቅምም። ሜዳውን ደርሶ መልስ አስሩጥና 2 ብቻ አስወርውር፤ 10 ዙር። አንድ ልጅ ይመዝግብ፦ አጠረ፣ ረዘመ፣ ግራ፣ ቀኝ። የሚያጥርበት ጉልበቱን አላጠፈም ወይም እግሩ ዝሏል። ግራ ቀኝ የሚልበት ክርኑ ተከፍቷል፣ ወይም ደጋፊ እጁ ኳሱን ይገፋዋል። ለሁለቱ አንድ ምክር አይሆንም።

የቱሉ ዲምቱ ኮች፦
ጋሽ ፊሽካ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ «ከፊት» ማለት እንደሚቻል አላወቅሁም ነበር። አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ፦ እኛ ሜዳ ላይ የማይስት ልጅ ቅዳሜ 4ቱም ፍሪ ስሮው አጠሩበት፤ ያውም የመጀመሪያዎቹ ገና በ1ኛው ኳርተር ነው።

ሜትር፦
በ1ኛው ኳርተር ድካም አይደለም። ሜዳችሁን ለካ። ክር ላይ ድንጋይ እሰርና ከቦርዱ ፊት ቁልቁል ልቀቀው፤ ካረፈበት እስከ ፍሪ ስሮው መስመር 4.6 ሜትር መሆን አለበት። የሰፈር ሜዳ ላይ መስመር የሚቀባው በዓይን ግምት ስለሆነ 20 እና 30 ሳንቲም ወደ ቅርጫቱ ይገባል፤ ልጁም እጁን በዚያ ያስለምዳል። ሪንጉንም (የቅርጫቱን ቀለበት) ለካ፤ ከመሬት 3.05 ሜትር ነው። በእናንተ በኩል አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ምሰሶውም አብሮ ያዘማል። ስለዚህ ሪንጉን በግራም በቀኝም ለካው። መስመሩን ለሰኞ በኖራ አስምር፤ ቀለሙ ቆይቶ ይደርሳል።