የሥራ ቀጣይነት ዕቅዳችንን በልምምድ ለመፈተን ከየት እንጀምር?

ጠያቂ (የሥጋት ሥራ አመራር ባለሙያ፣ አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አዳማ በሚገኝ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ነው። የሥራ ቀጣይነት ዕቅዳችን (አደጋ ሲደርስ አገልግሎቱ እንዴት እንደሚቀጥል የሚያሳየው ሰነድ) ከጸደቀ ቢቆይም አንድም ጊዜ አልተፈተነም። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ በተሰማ ጊዜ ሠራተኛው ከሕንፃው ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አገልግሎቱን ማን፣ የት፣ በምን እንደሚቀጥል ግን የሚያውቅ አልተገኘም። አሁን ሥራ አስኪያጃችን ለማንም ሳይነገር በሥራ ቀን መብራትና ኔትወርክ አጥፍተን እንድንፈትን ይፈልጋሉ። ደንበኛ መስኮት ላይ ቆሞ ሳለ እንዲህ ማድረጉ አሳስቦኛል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ።

መልስ (የውስጥ ኦዲተር፣ ሐዋሳ)

ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ዕቅዱን ያላነበበ ሠራተኛ ላይ ድንገት መብራት ቢያጠፉ የሚያገኙት ውጤት አሁን የሚያውቁትን ብቻ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ይጀምሩ፤ ይህም ምንም መሣሪያ ሳይነካ፣ ኃላፊዎች ተሰብስበው በሚነበብላቸው የአደጋ ታሪክ ላይ ውሳኔ የሚሰጡበት ነው። ቀኑ ይነገራቸው፣ ታሪኩ ግን አይነገራቸው።

ታሪኩን በአንድ ጊዜ አያንብቡላቸው። ለምሳሌ ደመወዝ በሚከፈልበት ሳምንት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ ይበሉ። ጥቂት ከተወያዩ በኋላ ጄኔሬተሩ አልነሣም ይበሏቸው፤ ቀጥሎ የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ ያዥ አዲስ አበባ ናቸው፣ ስልካቸውም አይመልስም ይበሉ። በየደረጃው «ማን ይወስናል? ዕቅዱ ውስጥ የት ተጽፏል?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚመልሰው ሰው ገጹን ከፍቶ ያሳይ። «እንደዚህ ነው የምናደርገው» የሚለው መልስ ዕቅዱ ውስጥ ካልተገኘ እንደ ክፍተት ይመዝገብ። በውይይቱ የማይሳተፍ፣ የሚሆነውን ከነሰዓቱ የሚጽፍ ሰውም ይመድቡ። ከተቻለ ደግሞ በመካከል ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ይውጡ፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ምን እንደሚቆም የሚታየው ያኔ ነው።

መልስ (የኮምፒውተር ሥርዓት ባለሙያ፣ አዳማ)

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቴክኒኩ በውይይት አይፈተንም። ምትኬ መረጃው (ዋናው ቢጠፋ የሚተካው ቅጂ) በየማታው «ተሳክቷል» የሚል መልእክት መላኩ ማስረጃ አይሆንም። ከዋናው ሰርቨር ውጭ በሆነ ማሽን ላይ መልሳችሁ ጫኑት፤ የአንድ ቀን ቀሪ ሒሳብም ከታተመው ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። ከተጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ ሰዓት ያዙ፤ ዕቅዱ «በ4 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል» ካለና እናንተ 11 ሰዓት ከፈጀባችሁ፣ ወይ አሠራሩ ወይ የተጻፈው ሰዓት መለወጥ አለበት። የመጨረሻው ምትኬ ከተወሰደ ወዲህ የገባው ግብይት ምን ያህል እንደሆነም አስሉ፤ የሚጠፋው እሱ ነውና። ጄኔሬተሩንም ሰርቨሩንና የአገልግሎት መስኮቶቹን ኮምፒውተሮች አሸክማችሁ ፈትኑት፤ ባዶውን ለአምስት ደቂቃ ማስነሣት ስለ አቅሙ ምንም አይነግራችሁም። ለኔትወርክ ደግሞ ከአንድ ድርጅት የተገዙ ሁለት መስመሮች መጠባበቂያ ናቸው ብላችሁ አትመኑ።

መልስ (የሒሳብ ክፍል ኃላፊ)

ብዙ ልምምዶች «ሥርዓቱ ተመለሰ» ሲባል ይጠናቀቃሉ፤ አስቸጋሪው ሥራ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ግብይቱ በእጅ ደረሰኝ ሲካሄድ ቆይቶ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ፣ የተዘለለ ወይም ከቀሪው በላይ የወጣ ገንዘብ ይኖራል። ስለዚህ ደንበኛ በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኞች ራሳቸው ደንበኛ ሆነው ጥቂት ደረሰኞች ይቁረጡ፤ ከዚያም ሌላ ሰው በመለማመጃ ሥርዓት ውስጥ አስገብቶ ያመሳክር። ተከታታይ ቁጥር ያለው የደረሰኝ ጥራዝና የትናንቱ ቀሪ ሒሳብ ዝርዝር በየቅርንጫፉ መኖሩንም በዚያው ያያሉ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጃችን «መስፈርቱ በዓመት ስንት ጊዜ ይላል? ድንገተኛውስ መቼ ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

መልስ (የውስጥ ኦዲተር፣ ሐዋሳ)

በ2019 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ዓለም አቀፉ የሥራ ቀጣይነት መስፈርት፣ አይኤስኦ 22301፣ የቁጥር ግዴታ አያስቀምጥም፤ ልምምዱ ድርጅቱ ባቀደው የጊዜ ልዩነትና ጉልህ ለውጥ ሲኖር እንዲካሄድ ነው የሚጠይቀው። እናንተም ሥርዓት ስትቀይሩ ወይም ቅርንጫፍ ስትከፍቱ ዓመት እስኪሞላ አትጠብቁ።

ድንገተኛ ይሁን ካሉ ከስልክ ጥሪው ይጀምሩ። አንድ ማታ በዕቅዱ ላይ ባለው የስም ዝርዝር መሠረት ጥሪው ይተላለፍ፤ ስንት ሰው በ30 ደቂቃ ውስጥ እንደመለሰና ስንት ቁጥር እንደተቀየረ ይመዝገብ። ደንበኛን አይነካም፤ ሥራ አስኪያጁም የፈለጉትን ድንገተኛነት ያገኛሉ። መብራት ወደ ማጥፋቱ የሚሄዱት በጠረጴዛው ዙሪያ የተገኙት ክፍተቶች ከተዘጉ በኋላ ነው፤ ያኔም «ልምምዱ ይቁም» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰየም። ለእያንዳንዱ ክፍተት አንድ ኃላፊና አንድ ቀነ ገደብ ይያዝለት፤ «ሁሉም ክፍሎች ይተባበሩ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ግን ከሪፖርቱ ላይ ይሰረዝ።