59 ወር ስንል እናቶች ምን ይሰማሉ?

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ ነኝ። የኩፍኝ ዘመቻውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 59 ወራት የሆኑ ሕፃናት ተጠቃሚ እንዲሆኑ ወላጆች የበኩላቸውን እንዲወጡ» የሚል። ማኅተም አስመትቼ በር ላይ ለጠፍኩት፤ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት፤ በሞንታርቦም ሰፈሩን ዞርን። በሦስተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትሄድ፣ የአራት ዓመት ልጅ ያላት እናት «ወር ሲሉ ለጨቅላ መስሎኝ» አለቻት። ጎረቤቷ ደግሞ መስማት የተሳናት ናት፤ ዘመቻ መኖሩንም አላወቀችም። ያ ልጅ ኩፍኝ ቢይዘው ጥፋቱ የማን ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እንዴት ብጽፈው ይሻላል?

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ዓይነ ስውር ነኝ። የማኅተም ደብዳቤ በፎቶ ስትለቁ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝ የስልኬ ፕሮግራም «ምስል» ብሎኝ ያልፋል። እባክዎ ጽሑፉን ከፎቶው ሥር ይክተቡት። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ከሆነም ገልብጠው አይለጥፉት፤ ብዙዎቹ ከሥር የላቲን ፊደል ስለሆኑ አንባቢው ፕሮግራም ትርጉም የሌለው ነገር ያነብልኛል። በዩኒኮድ (የግዕዝን ፊደል ራሱን በሚያውቀው የኮምፒውተር አጻጻፍ) ሲጻፍ ግን አማርኛውን ጥርት አድርጎ ያነብልኛል። ባለፈው የልጄን ቀጠሮ ያነበበልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። የቤቴን ጉዳይ በሰው አፍ መስማት ይከብዳል።

መልስ፦ እናቴ የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ብቻ ነው። በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞው የላቲን ፊደል ብትጽፉላትም አታነበውም፤ ቁቤ በ1984 ዓ.ም ሥራ ላይ ሲዋል እሷ ትልቅ ሰው ነበረች፤ ፊደልም አልቆጠረችም። በሞንታርቦው ላይ ኩፍኝን በቋንቋዋ «ጊፊራ» በሉላት፣ ወዲያው ይገባታል። የሚናገረው ሰው የሰፈሩ ሰው ይሁን።

መልስ፦ እህቴ መስማት የተሳናት ናት። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ስላለው የቢሮ አማርኛ ለእሷ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ፤ የምታስተረጉመው ሰው እጇም ፊቷም በደንብ ይታይ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ እንዲህ ጻፍኩት፦ «ዘጠኝ ወር የሞላው፣ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አለዎት? የኩፍኝ ክትባት ያስከትቡት። ከዚህ በፊት ቢከተብም ይምጣ። ክፍያ የለውም። ጠዋት ከ2፡30 ጀምሮ እንጠብቅዎታለን።» ለቪዲዮው አስተርጓሚ ያስፈልገኛል፤ የድካሟ እንዲከፈላት ነገ ኃላፊዬን አናግራለሁ። እህትዎ ከመለቀቁ በፊት አይታ ብታርመን ፈቃደኛ ትሆናለች?