ድሬ ላይ የማርኬቲንግ ማናጀር ልቀጥር ነው፤ ማንን ልያዝ?

ባለሐላዋዋ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖች። ሳቢያን ውስጥ ሐላዋና ብስኩት እናመርታለን። ድሮ ከዚራ ባለችን ሱቅ ብቻ ነበር የምንሸጠው። አሁን እዚሁ ድሬ ለከፊራና ለታይዋን ገበያ ሱቆች እናከፋፍላለን፣ ሐረርና ጅግጅጋም እንልካለን። ሽያጩን የያዝነው እኔና ወንድሜ ነን፤ ከአቅማችን በላይ ሆኗል።

ሁለት ሰው አለ። አንዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው፤ በማርኬቲንግ ማስተርስ አለው፣ የጠየቀው ደሞዝ ግን ከበድ ይላል። ሌላዋ የድሬ ልጅ ናት። ለአንድ አከፋፋይ ሽያጭ ሠርታለች፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ትናገራለች። የተማረችው አካውንቲንግ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

የደቻቱ ልጅ፦
አቦ ይሄማ ምን ያጠያይቃል! የድሬዋን ያዢያት። ጅግጅጋ ያለ ነጋዴ በሶማልኛ ካላናገሩት ዋጋ ላይ አይላላም።

የከፊራ አከፋፋይ፦
እህቴ፣ እኔ ብስኩትና ሳሙና ሳከፋፍል ነው የኖርኩት። ሰው ከመምረጥሽ በፊት ሥራውን ለይው። ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ትዕዛዝ መቀበል ሽያጭ ነው። ማርኬቲንግ ሌላ ነው፦ የትኛው መጠን በስንት ብር ይሂድ፣ ማሸጊያው ምን ይምሰል፣ ለረመዳንና ለሠርግ ምን ይዘጋጅ፣ ቀጥሎ የትኛው ከተማ ይገባ። አንቺን የቸገረሽ መዞሩ ከሆነ፣ የሚያስፈልግሽ ጎበዝ የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ለዚያ የማናጀር ደሞዝ አትክፈይ።

ማናጀር ነው የምፈልገው ካልሽ ደግሞ ሲቪውን ተዪውና ፈትኛቸው። ለሁለቱም አበል ከፍለሽ አንድ ሳምንት ገበያ አሰማሪያቸው። የተፎካካሪሽ ሐላዋ በስንት እንደሚገባና በስንት እንደሚሸጥ፣ ባለሱቁ ስንት እንደሚያተርፍበት፣ የትኛው መጠን ቶሎ እንደሚያልቅ ይዘው ይምጡ። ሙቀቱንም ያዩት እንደሆነ ልብ በይ። በግንቦት ሐላዋ ድሬ ላይ ይላላል፣ ሐረር ላይ ግን ደህና ይቆያል። ይህን አይቶ ስለ ማሸጊያው ሐሳብ የሚያመጣልሽን ያዢ፣ የየትም ሰው ይሁን። የድሬ ልጅ መሆን ብቻውን በቂ አይደለም፤ የቲክቶክ ቪዲዮ ብቻ የሚያወራውንም አልመክርሽም።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
ስለ ውሉ ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ሙከራው በጽሑፍ ይሁን። ነገር ግን ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ከሰጠሽው፣ የሥራ መሪ ስለሚባል አዋጁ አይመለከተውም። ስለዚህ የሙከራውን፣ የማስጠንቀቂያውንና የስንብቱን ነገር ውሉ ላይ በዝርዝር አስፍሪ። ደሞዝ ስታሰሊ የጡረታ መዋጮም አለ፦ ካንቺ 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ።

ባለሐላዋዋ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ በጣም ጠቀማችሁኝ። ሁለቱንም ገበያ ላሰማራቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከደሞዙ ላይ ኮሚሽን ብጨምርስ?

የከፊራ አከፋፋይ፦
ጨምሪ፣ ግን ኮሚሽኑ በተሰበሰበ ብር ይሁን። በወጣ ካርቶን ካሰብሽው ዕቃሽ ሁሉ በዱቤ ይበተናል፤ ኮሚሽኑን ከፍለሽ ገንዘቡን ስትለምኚ ትከርሚያለሽ። አዲስ ሱቅ ሲያስገቡም ቶሎ አትክፈይ። ባለሱቁ ሁለተኛ ሲያዝ ያኔ ይታሰብላቸው።