የዕቅድ ውይይት፦ ሐይቅ ከተማ ያለችው ጂፕ

ጸሐፊዋ (ደሴ)፦
እንደምን አመሻችሁ። የማኅበራችን አባላት እሑድ ቡና ላይ የተባባልነውን ወረቀት ላይ ላሰፍር ተቀምጬ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። "የጦርነት ዘመን ትንንሽ ወታደራዊ መኪኖችን ማደስ" ካልኩ በኋላ የቱን፣ የት፣ በማን እጅ የሚለው ላይ አሥራ አራታችንም አሥራ አራት ሐሳብ ነው ያለን። ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ የምናስገባው ግን አንድ ሐሳብ ነው። የምንጠይቀውም ዝናብ የማያስገባ መጠለያ ብቻ ነው፤ ገንዘቡን በየወሩ ከምናዋጣው 500 ብር እንሸፍናለን፣ በወር 7,000 ብር መሆኑ ነው። ያለን ንብረት ሐይቅ ከተማ በአንድ አባላችን ግቢ ውስጥ የቆመችው ጂፕና ኮምቦልቻ ያለችው ሞተር አልባ የሩሲያ ዋዝ ናቸው። የጎደለውን ሙሉልኝ።

ባለ ቶርኖው (ኮምቦልቻ)፦
ልጄ፣ ዋዟን አስቀድሚ። እኔ ከዋዝ ጋር ነው ያረጀሁት፤ ካምቢዮዋን ዓይኔን ጨፍኜ አወርደዋለሁ። ኤሌክትሪኳ እንደ ዛሬ መኪና 12 ቮልት ነው። የጂፗ 6 ቮልት ነው፤ ባትሪውን፣ አምፖሉን፣ ሞተሪኖውን ሁሉ ለብቻ ልትፈልጊ ነው። በቀላሉ ጀምረን እጃችንን እናፍታታ።

መምህሩ (ደሴ)፦
ጋሼ፣ እጅ ማፍታታቱ እውነት ነው። ዋዝ 469 ግን መመረት የጀመረችው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው፤ የኛ ሰው የሚያውቃት በደርግ ወታደር ነው። እኛ የተነሣንበት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ የዚያ ዘመን ልጅ ደግሞ ጂፗ ናት። ዊሊስና ፎርድ ሁለቱ ተጋግዘው በጦርነቱ ጊዜ ከ600,000 በላይ አምርተዋል። ሞተሯ 2.2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 60 የፈረስ ጉልበት፣ ሦስት ማርሽ። ዋዟ ትቆየን፣ አንጥላትም።

የጂፗ ባለቤት (ሐይቅ)፦
ስለኔዋ ጂፕ ከተነሣ አንድ ነገር ረቂቁ ላይ ይግባልኝ። አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ደቡብ አፍሪካዎች ጣሊያንን ከደሴ ሲያስወጡ ይዘዋት የገቡ ናት" ይሉ ነበር። ይኼ ቢጻፍ መጠለያውን የሚከለክለን የለም።

መምህሩ፦
ወንድሜ አትቀየመኝ። የደቡብ አፍሪካ ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ዊሊስ ኤምቢ የምትባለው ጂፕ ከፋብሪካ መውጣት የጀመረችው በ1934 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ነው። ሰዎቹ ደሴ ሲገቡ እሷ ገና አልተወለደችም። የአባትህን አባት ውሸታም እያልኩ አይደለም፤ ሰው ያየውንና የሰማውን አንድ ላይ ይተርካል። ግን ይህችን መስመር ቢሮው ውስጥ አንድ ታሪክ አዋቂ ካያት ወረቀቱን ሙሉ ያጥፈዋል።

ይልቅ ነገ ጠዋት ከፊቷ ቁምና የራዲያቶሩን ፍርግርግ ክፍተቶች ቁጠር። ሰባት ከሆኑ ከጦርነቱ በኋላ ለገበሬ የተሠራችው ናት። ዘጠኝ ከሆኑ የጦርነቱ ናት። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ከፍርግርጉ ሥር ሻንሲውን ከግራ ቀኝ የሚያገናኘውን ብረት እይ፤ ክብ ቧንቧ ከሆነ ዊሊስ፣ የተገለበጠ ገንዳ ከመሰለ ፎርድ።

የጂፗ ባለቤት፦
አልተቀየምኩም፣ ትንሽ ግን ከፋኝ። ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ናቸው! ብረቱ ክብ ቧንቧ ነው። አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ፤ የፊት ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያው) ላይ ሦስት ብሎኖች አናታቸው ላይ "ኤፍ" የምትል የፈረንጅ ፊደል አለባቸው።

ባለ ቶርኖው፦
ፎርድ ብሎኑ ላይ ሳይቀር ስሙን ይመታ ነበር። ዊሊስ ላይ ካገኘህ አንድ ወቅት ላይ ከሌላ ተፈታ የገባ ነው። የሁለት እናት ልጅ በላት። ስትፈታቸው ብሎኖቹን እንዳትጥል፣ በቆርቆሮ አስቀምጣቸው፤ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ሀዬ፣ ተሸነፍኩ፤ ጂፗ ትቅደም። ሞተሩ ነክሷል ወይስ ይዞራል?

የጂፗ ባለቤት፦
አይዞርም፣ ጋሼ። በማኑዌላ፣ በእጅ ማዞሪያው ሞከርኩት።

ባለ ቶርኖው፦
አብሽር፣ እንዳታስገድደው። አራቱንም ካንዴላ ፍታና በየቀዳዳው ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅለህ አፍስስ፤ ሳምንት ይደር። ከዚያ ማርሽ ላይ አስገብተህ መኪናዋን ትንሽ ፊትና ኋላ ወዝውዛት። እምቢ ካለች ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ እኔው መጥቼ አወርዳለሁ፤ ከሥሩ የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ከመዳብ ላሜራ እቆርጣለሁ።

ብየዳ ሠሪዋ (ደሴ)፦
ሁላችሁም ሞተር ሞተር ትላላችሁ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ወለሏ ነው። ፎቶውን አየሁት። ዶሮ ሰፍሮባታል አይደል? የዶሮ ኩስ እርጥበት ይይዛል፣ ብረት ይበላል። በዚያ ላይ የዚህች መኪና ወለል ሥር ማጠናከሪያ ብረት አለ፣ ውስጡ እንጨት ነው። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ለዓመታት ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ቀለም የያዘ መስሎ በጣት ብትጫኑት ይበሳል።

ስለዚህ ረቂቁ ላይ "ቀለም መቀባት" ከሚለው በፊት "የበሰበሰውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መተካት" ይግባ። ስቱኮ ሞልቶ ማለስለስ ማደስ አይደለም፤ ክረምቱን አይሻገርም። ትንንሹን ዕቃ የልብስ ሶዳ ባለበት ውኃ ነክረን፣ በባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ እያሳለፍን ዝገቱን እናጸዳለን፤ ውኃው ውስጥ የምንነክረው ሌላው ብረት ተራ ብረት ይሁን፣ አይዝጌ ብረት መርዝ ያወጣል። ሥራው ውጭ ይሁን፣ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይያያዛል። በአሸዋ ግፊት እናጥባት ላላችሁትም፣ ስስ ላሜራ ይጣመማል፤ የአሸዋው ብናኝ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። እኔ አልነካውም።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የቤንዚን ታንከሯ ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። ታንከሩ ሳይወጣ፣ ሳይታጠብ፣ ውኃ ሳይሞላበት እዚያ አካባቢ ብየዳ የሚያነሣ ካለ እኔ የለሁበትም። "ባዶ ነው፣ ከሃያ ዓመት በፊት ነው የደረቀ" አትበሉኝ፤ የሚፈነዳው ቤንዚኑ ሳይሆን ትነቱ ነው።

ቀለም ቀቢው (ኮምቦልቻ)፦
ቀለሙን ለኔ ተዉት። ብልጭ የሚል አረንጓዴ፣ ጥቁር ጎማ፣ ኮፈኑ ላይ ትልቅ ነጭ ኮከብ። ለሰርግም እናከራያታለን።

መምህሩ፦
ለሰርግ? ብልጭ የሚል የጦር መኪና አይቼ አላውቅም፤ ፀሐይ እንዳያንጸባርቅ ቀለሙ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ነበር። ኮከቡንም ከአሮጌው ቀለም ሥር አሻራው ካልተገኘ ከልባችን ፈጥረን አንሥለው። በቀኝ ጎኗ ያለውን ጥርምስ አታቃኑት፣ እንዲታይ ይቅር።

ቀለም ቀቢው፦
እሺ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ። ሰርጉን ግን አልተውኩም፣ በኋላ እንነጋገራለን።

ወጣቱ አባል (ሐርቡ)፦
መንገድ ዳር ከቅርቡ ጦርነት የቀሩ የተቃጠሉ መኪኖችስ? ፒክአፕም አለ። በነጻ ነው እኮ።

ጸሐፊዋ፦
አይሆንም፣ ወንድሜ። አንደኛ የኛ አይደሉም፣ የመንግሥት ናቸው። ሁለተኛ ውስጣቸው ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል፤ አይነኩም። ደግሞ ልጁን እዚያ መንገድ ላይ ያጣ ሰው በዚያው በኩል እያለፈ ነው። ይህን ረቂቅ ላይ አናነሣውም፣ እዚሁ እንተወው።

ባለ ቶርኖው፦
ልክ ብለሻል። አሁን ስለ ፍሬን ልናገር። ስታልቅ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እናወርዳታለን ብላችሁ ነበር። ሐረጎን አስቡት፤ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የዚህች ፍሬን አራቱም ጎማ ላይ ቢሆንም በአንድ መስመር የተያያዘ ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ባዶ። የእጅ ፍሬኗ ጎማ ላይ ሳይሆን ከረዳት ካምቢዮው ጀርባ ዘንጉ ላይ ነው የሚይዘው፤ አቁሞ ለማቆየት እንጂ ቁልቁለት ለመውረድ አይደለም። ስለዚህ ቱቦው ሁሉ አዲስ፣ ጉዞው በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፊት አንድ መኪና። የፍሬን ሸራውን አቧራ በኮምፕረሰር እንዳትነፉ፣ አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ስትመለሱ ደግሞ "ጉልበት የላትም" ብላችሁ እንዳትማረሩ። 60 የተባለው ጉልበት ባሕር ዳር ላይ ነው፤ የደሴ 2,500 ሜትር ላይ 45 ቢቀር ነው። ካርቡራተሩን ለዚህ አየር እናስተካክለዋለን።

ጸሐፊዋ፦
"ባሕር ዳር" ሲሉ ጣና ዳር ያለችው ከተማ እንዳትመስላቸው "ባሕር ወለል" ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ጋሼ። ሊብሬውስ?

የጂፗ ባለቤት፦
ሊብሬ የለም። የሻንሲ ቁጥሯ ያለበት ሳህን ግን ዝገቱ ሥር ይነበባል።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲያው "ሕጋዊ ወረቀቷ እስኪጠናቀቅ ለእይታ ብቻ ትቆማለች፣ መንገድ አትወጣም" ይባል። ሐረጎም ከዚያ በኋላ። እስካሁን የያዝኩት ይኸውላችሁ፣ እርማት ካለ ዛሬ ማታ።

ማኅበሩ አንዲት የጦርነት ዘመን ዊሊስ ጂፕ በአባላቱ መዋጮና ጉልበት ያድሳል። ለዚህም በደሴ ሙዚየም ግቢ፣ ደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ይኖሩበት በነበረው፣ ወይም ሌላ ቦታ መጠለያ ይጠይቃል። የበሰበሰው ብረት ይተካል፣ ጥርምሱና የሌላ መኪና ብሎኖቹ በቦታቸው ይቀራሉ፣ ቀለሙ ደብዛዛ ይሆናል። ስለ አመጣጧ በሰነድ ያልተረጋገጠ ነገር አይጻፍም፤ የቤተሰቡ ትረካ "ይባላል" ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ዋዟ ሁለተኛ ናት።

የጂፗ ባለቤት፦
"ይባላል" ጥሩ ነው፣ አያቴም አይቆጡም። አንድ ነገር ቀረ። እናቴ ዛሬ ነገርኳት። ጂፗን ቅዳሜ እንወስዳለን ስላት "ዶሮዎቼስ?" አለች። ሌላ የዶሮ ቤት ሳይሠራላት አንዲት ብሎን አትነቃነቅም ብላለች።

ብየዳ ሠሪዋ፦
እትዬ ልክ ናቸው። ቆርቆሮና ሽቦ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ስንት ዶሮ ነው?

የጂፗ ባለቤት፦
አሥራ አንድ፣ አንዷ ታቅፋለች፤ መቀመጫው ሥር፣ ታንከሩ ላይ።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲያው የበጀቱ አንደኛ መስመር "የዶሮ ቤት" ብዬ ጻፍኩ። እስክትፈለፍል ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜው ወደፊት ይገፋ።