ላልመጣ ወረርሽኝ የሚሠራን ክትባት ወጪ ማን ይሸፍን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የኢቦላ የቅርብ ዘመድ የሆነው የማርበርግ በሽታ በጂንካ መከሰቱ ከተነገረ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ቫይረሱ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል፤ ሆኖም በሽታው ወደ ጂንካ ሲደርስ ፈቃድ ያገኘ ክትባት አልነበረም። ገበያ የለውም በሚል ኩባንያዎች የማይደፍሩትን ሥራ ማን፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ሊደግፍ ይገባል?

ምላሽ፦
ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን የኢቦላ ታሪክ ይመስለኛል። በካናዳ ዊኒፔግ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራው ክትባት ጦጣዎችን ከበሽታው እንደተከላከለ በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ ቢሆንም፣ በሰው ላይ የሚሞክረው ስላልተገኘ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ተቀመጠ። በጊኒ ተሞክሮ ውጤታማነቱ የታወቀው በ2015 ነው፤ ያ ወረርሽኝ በምዕራብ አፍሪካ ከ11,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። ሴፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በ2017 የተመሠረተው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ መዋል ያለበት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሰው ላይ እስከሚሞከርበት ባለው ደረጃ ላይ ነው እላለሁ።

ምላሽ፦
እስማማለሁ፤ የሩዋንዳም ልምድ ይህንኑ ያሳያል። ማርበርግ መግባቱ መስከረም 27 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በታወጀ በዘጠነኛው ቀን ገደማ 700 ያህል ዶዝ የሙከራ ክትባት ኪጋሊ ደረሰ። ይህ የሆነው ሳቢን የተባለው ተቋም በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሙከራ (ደኅንነቱ በጥቂት ጤነኛ ሰዎች ላይ የሚፈተሽበትን) አስቀድሞ ጨርሶ፣ ክትባቱም ተመርቶ በእጅ ስለነበር ነው።

ምላሽ፦
ወንድሜ፣ ያንኑ ወረርሽኝ ከሌላ ጎን እንየው። በሩዋንዳ ከ66 ሕሙማን የሞቱት 15 ሲሆኑ፣ ይህም ለማርበርግ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ለዚህም ምርመራው፣ የጽኑ ሕሙማን ክትትሉና መድኃኒቱ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የክትባቱ በጀት ከነርሷና ከላቦራቶሪው ላይ ተቀንሶ እንዳይመጣ እሰጋለሁ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ኪስ መውጣት የለባቸውም። ለሴፒ መዋጮ ካደረጉ አገሮች መካከል ኢትዮጵያም ስላለች፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ክትባት በሽታው ለተነሣበት አገር ቅድሚያ እንዲሰጥ በውሉ ላይ ከወዲሁ እንዲጻፍ መጠየቅ የምንችል ይመስለኛል።