ክርክር፦ አቴኑዌተር የቲዩብ አምፕን ይገድላል ወይስ አይገድልም?

ባለ ስድስት ክር፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለ 50 ዋት የቲዩብ አምፕ አለኝ፤ የጊታሩን ድምፅ በመስታወት ቲዩቦች የሚያጎላው ዓይነት። ድምፁ የሚጣፍጠው ቮሊዩሙ 7 ሲደርስ ነው። 7 ላይ ግን መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ስለዚህ አቴኑዌተር ልገዛ አሰብኩ። በአምፑና በስፒከሩ መሀል ገብቶ ትርፉን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጠው ሳጥን ማለቴ ነው። ግማሹ ሰው «አምፕህን ትቀብረዋለህ» ይለኛል፣ ግማሹ «ምንም አይሆንም» ይላል። እዚሁ ይለይልኝ።

ትንሿ አምፕ፦ እኔ ተቃዋሚ ነኝ። ባለ 5 ዋት አምፕ ግዛና ተገላገል። ነዳጁንም ፍሬኑንም አንድ ላይ ረግጦ መንዳት ምን ይሉታል?

የፊዚክስ አስተማሪ፦ 5 ዋት ያልሽው ላይ ልቁም። 5 ዋት የ50 ዋት አንድ አሥረኛ ነው፤ በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል ግን ልዩነቱ 10 ብቻ ነው። ጆሯችን ይህን የሚሰማው ድምፁ በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ ነው። ባለ 5 ዋቷም እስከ ጥግ ስትከፈት ጎረቤት ትቀሰቅሳለች። ከ50 ዋት ወደ ግማሽ ዋት ለመውረድ 20 ዴሲቤል መቀነስ አለበት። ለመኝታ ቤት እሱም አንዳንዴ ይበዛል።

ትንሿ አምፕ፦ እሺ፣ እሱስ እውነት ነው። የእኔዋም ስትከፈት ቤት ታስለቅቃለች። ስለ ቲዩቦቹ ግን አልተነጋገርንም፤ እመለስበታለሁ።

ጋሼ ብየዳ፦ አምፕ ስጠግን ነው ያረጀሁት፤ እስቲ ስሙኝ። አቴኑዌተር ብቻውን የገደለው አምፕ አልገጠመኝም። አንድ ልጅ ግን አምፑን ተሸክሞ መጣና «አቴኑዌተሩ አቃጠለብኝ» አለኝ። ከፈትኩት። የአንዱ ፓወር ቲዩብ መቀመጫ ላይ፣ በሁለት እግሮቹ መሀል፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር አለ። ኤሌክትሪኩ ዘሎ ያለፈበት ነው። ጉልበቱን ወደ ስፒከሩ የሚያሻግረው የአውትፑት ትራንስፎርመሩም ሄዷል። «በምን ገመድ አገናኘኸው?» አልኩት። ከቦርሳው አወጣ። የጊታር ገመድ! መሀሉ ላይ ቀጭን ሽቦ ያለው፣ ጊታርን ከአምፕ የምናገናኝበት። ጫፉ ከስፒከር ገመድ ጫፍ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ዝም ብሎ ይገባል። እየተጫወተ ሳለ ሽቦው ተበጠሰና አምፑ ባዶውን ቀረ። ቲዩብ አምፕ ደግሞ ያለ ስፒከር ወይም ያለ ሎድ፣ ማለትም ጉልበቱን የሚቀበል ነገር ሳይኖር፣ መጮህ የለበትም። ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ ትራንስፎርመሩ ላይ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይዘላል።

ባለ ስድስት ክር፦ ጋሼ፣ አስፈሩኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?

ጋሼ ብየዳ፦ አትፍራ፣ ተጠንቀቅ። ኦሙን፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋሚያ ልኩን፣ አግጥም። አምፑ 8 ላይ ከሆነ አቴኑዌተሩም ባለ 8 ይሁን፣ ስፒከሩም እንደዚያው። ገመዶቹ ሁለቱም የስፒከር ገመድ ይሁኑ። ሁሉም ከተገናኘ በኋላ ነው ማብራት፤ በርቶ ሳለ ምንም አይነቀልም። ዋቱን ደግሞ አትሰስት። 50 ዋት ያሉህ ንጹሕ ድምፅ ሲያወጣ ነው። ድምፁ ሻክሮ ዲስቶርሽን ውስጥ ሲገባ ወደ እጥፉ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ለአንተ 100 ዋት የሚሸከም ያስፈልግሃል። የአምፑን ሆድ ግን ራስህ እንዳትከፍት። ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል።

ከበሮ መቺው፦ እኛ ከበሮው ውስጥ ትራስ ከተን ተገላገልን፣ እናንተ ገና ፊዚክስ ላይ ናችሁ 😂 ግን ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። የባንዳችን ጊታሪስት ክር መምቻ ፒኩን ሳጥኑ ላይ ረስቶት ተጣሞ አገኘው። ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል ቢያደርግበትስ ኖሮ? አየር ያግኝ በሉት። በነገራችን ላይ እኔ የአቴኑዌተር ደጋፊ ነኝ፣ ለራሴ ጆሮ ስል። ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም ለ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ሲፈቅድ፣ ለ100 ዴሲቤል የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ነው። እኔ ከጊታሪስቱ አምፕ ፊት ስንት ዓመት ተቀምጬ ይኸው አሁን ሌሊት ሌሊት ጆሮዬ ያፏጫል።

ንጹሕ ቶን፦ ስለ ደህንነት ተስማማን። ድምፁን እንደሚገድለው ግን ለምን አትነግሩትም? ብርድ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው።

የፊዚክስ አስተማሪ፦ ግማሹ ጥፋት የጆሯችን ነው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ወፍራሙንና ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል። ፍሌቸርና ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳዩት ነገር ነው። ግማሹ ግን እውነትም የሳጥኑ ነው። ስፒከር 8 ኦም ይባል እንጂ በወፍራሙ ድምፅ አካባቢ አንድ ቦታ ላይ ብዙ እጥፍ ይወጣል፣ በቀጭኑም ያድጋል። ተራ አቴኑዌተር ውስጥ ያለው ሬዚስተር ግን ሁሌም እዚያው 8 ላይ ነው። አምፑ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ሪአክቲቭ የሚባሉት አቴኑዌተሮች የስፒከሩን ጠባይ በጥቅልልና በካፓሲተር ስለሚመስሉ ይሻላሉ። ዋጋቸውም ያንኑ ያህል ነው።

ትንሿ አምፕ፦ ወደ ቲዩቦቹ ልመለስ። ጋሼ፣ 7 ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ አምፕ ቲዩብ አይበላም?

ጋሼ ብየዳ፦ ይበላል። ይህን አልክድም። ግን የሚበላው ሳጥኑ ሳይሆን 7 ነው። ያለ ሳጥኑም 7 ላይ ቢጫወት ያው ነበር።

ትንሿ አምፕ፦ እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ያለ ሳጥኑ 7 ላይ ስንት ደቂቃ ይጫወታል? አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ በር ይንኳኳል። ሳጥኑን ሲገዛ ሦስት ሰዓት ይጫወታል። ድምፁ ጸጥ ስላለ አምፑ ያረፈ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን መድረክ ላይ እንዳለ ነው። ድሮ የሚያስቆመው ጎረቤት ነበር። አሁን ማን ያስቁመው?

ጋሼ ብየዳ፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ይህን ለደንበኞቼ እንዲህ አድርጌ ነግሬያቸው አላውቅም። እንግዲህ ሳጥኑን የገዛ ሰው የቲዩብ መለወጫውን አብሮ ይቁጠር፣ መሀል መሀል ላይም አምፑን ያሳርፍ።

ባለ ስድስት ክር፦ ቆይ ቆይ። አሁን ከአምፑ ኋላ ሄጄ አየሁ። ገና ሳጥኑን ሳልገዛ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስፒከሩ ጋር ያገናኘሁበት ገመድ ላይ «ኢንስትሩመንት» ይላል፤ ያው የጊታር ገመድ።

ጋሼ ብየዳ፦ አምፑ አሁን በርቷል?

ባለ ስድስት ክር፦ አዎ።

ጋሼ ብየዳ፦ አጥፋው፣ ከዚያ እናወራለን። በርቶ እንዳትነቅለው!