ሞተሬ ሲግል ማርሽ አልገባ እያለኝ ነው፣ የፍሪሲዮን (ክላች) ነገር የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ፍኖተ ሰላም ነኝ፣ 150 ሲሲ የህንድ ሞተር አለኝ። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ ማርሹ ቅቤ ነው፣ ቡሬ ደርሼ ስመለስ ግን ከግለቱ የተነሳ ከአንድ ወደ ሁለት በግድ ነው የሚገባው፣ ስቆም ደሞ ኒውትራል አይገኝም፣ ፍሪሲዮኑን ጥርቅም አድርጌ ጨብጬም አንደኛ ላይ ወደፊት ይጎትተኛል፣ በገበያ ቀን ሰውና አህያ መሀል ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሞተሩን ሳጠፋው ግን ሁሉም ማርሽ ሰተት ብሎ ይገባል! መካኒኩ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይፈታ ይላል፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም፣ ካምቢዮ ቢሆን ጠፍቶም ያስቸግር ነበር፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልለቅ ብሎ ነው ባይ ነኝ። ካምቢዮ ማስፈታት ደሞ ብር ነው።

ካቦው አልተበጣጠሰም፣ እጀታው ጋ ያለው ልቅታ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ነው። ዘይቱ ጃሶ ኤምኤ የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ነው፣ ልኩም ደህና ነው። ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ አይንሸራተትም።

የፍሪሲዮኑ የብረት ሳህኖች ጠመው ነው ወይስ ባስኬቱ (ዲስኮቹ የሚቀመጡበት ቤት) ተቦርቡሮ ዲስኮቹን እየያዘ? ሳይከፈት መለየት ይቻላል? ዕቃ የማስመጣው ከባህር ዳር ስለሆነ ዲስክ ብቻ ልዘዝ ወይስ ሳህኑም ስፕሪንጉም ጋስኬቱም አብሮ ይምጣ?